ፍሬኑ አልበጠሰም፤ የፈላው ዘይቱ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። በክለብ ደረጃ በሚካሄድ የቱሪንግ መኪና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፍኩት በሰሚት ፖይንት የውድድር ሜዳ ሲሆን፣ መኪናዬ 1.6 ሊትር ሞተር ያለው የ1990ዎቹ ሆንዳ ሲቪክ ነው። ቅዳሜ የሰዓት ማጣሪያውንም ውድድሩንም ያለ ችግር ጨረስኩ። እሑድ ግን በስምንተኛው ዙር፣ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ በጠሰብኝ። ፔዳሉ ወለል ነካ፤ ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዘልኝና ሣሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ የቀሩትን ሦስት ዙሮች ቀስ ብዬ ጨረስኩ። ሰኞ ጋራዥ ወስጄ ሲታይ ፔዳሉ ደህና ነው፤ የሚያንጠባጥብም ነገር አልተገኘም። መካኒኩ የፊት ፍሬን ሸራው 4 ሚሊ ሜትር ያህል እንደቀረው ነገረኝ። የፍሬን ዘይቱን መኪናውን ከገዛሁ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው፣ አልቀየርኩትም። ጎማዎቹን ጠዋት በበሩ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ከፍ አድርጌ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቼ ነበር፤ ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ግን መሪውን ባዞርም መኪናው ወደ ውጭ እየሄደ አልታጠፍ ይለኝ ነበር። ትልቅ ፍሬን ላስገጥም? የፍሬን ፓምፑን ልቀይር? ወይስ ጓደኞቼ እንደሚመክሩኝ በማርሽ እየያዝኩ ፍሬኑን ላሳርፈው?»

ምላሽ፦ ከቃሉ እንጀምር። በእኛ ቋንቋ ፍሬን እምቢ ባለ ቁጥር «በጠሰ» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ቃሉም የተቆረጠ ቱቦ ወይም የተሰበረ ብረት እንድንፈልግ ይገፋፋናል። በእርስዎ መኪና ላይ የተበጠሰ ነገር የለም። ፔዳሉ ወለል እስኪነካ መውረዱን፣ ደጋግመው ሲረግጡት በከፊል መመለሱን፣ በማግሥቱ ቀዝቅዞ ሲሞከር ደህና መሆኑን እና አንዲት ጠብታ እንኳ አለመፍሰሱን ራስዎ ጽፈዋል። እነዚህ አራት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፤ ሸራውን ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቀው ካሊፐር ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ፈልቷል።

ፍሬን የሚሠራው ፈሳሽ ነገር ሲጫኑት የማይጨመቅ በመሆኑ ነው። እግርዎ ፔዳሉን ሲገፋ ዘይቱ ግፊቱን ሳያጓድል ሸራውን እስከሚገፋው የካሊፐሩ ፒስተን ያደርሰዋል። ዘይቱ ሲፈላ ግን ከፊሉ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ስለዚህ እግርዎ የሚያደርገው ግፊት ሁሉ እንፋሎቱን በመጭመቅ ያልቃል፣ ለፒስተኑ የሚተርፍለት ነገር አይኖርም፣ ፔዳሉም ወለል ላይ ያርፋል። ደጋግመው ሲረግጡ ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ስለሚገባ ትንሽ ግፊት ይገኛል፤ እርስዎን ሣሩ ላይ ያቆመዎት ይህ ነው። መኪናው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መካኒኩ ሰኞ ዕለት ምንም ያላገኘው ሥራውን ስላላወቀ ሳይሆን፣ ጥፋቱ እሑድ ማታ ከሙቀቱ ጋር ስለጠፋ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደመጣ በቁጥር ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አብዛኛው አዲስ ተወዳዳሪ በከተማ መንገድ ለዓመታት ያገለገለው ፍሬን በሃያ ደቂቃ ውድድር ለምን እጅ እንደሚሰጥ አይገባውም። ሾፌሩን ጨምሮ 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ180 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲወርድ አንድ ሚሊዮን ጁል ገደማ ኃይል ይለቃል። ይህ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፣ የሚለቀቀውም በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚዞር፣ እንደ እርስዎ ባለው በፊት እግሩ የሚነዳ መኪና ላይ ከኃይሉ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው። እያንዳንዱ ዲስክ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ብረት ቢሆን፣ በዚያች አንዲት ፍሬን ብቻ ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ይጨምራል። ሰሚት ፖይንት ዋናው ሜዳ 3.2 ኪሎ ሜትር ርዝመትና አሥር መታጠፊያዎች አሉት፤ ከግማሽ ማይል የሚበልጠው ቀጥታ መንገድ የሚያበቃውም በመጀመሪያው መታጠፊያ ከባድ ፍሬን ነው። አንድ ዙር ደግሞ የሚወስደው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ዲስኩ ከቀደመው ፍሬን ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይደርስበታል፤ የተረፈው ሙቀት ከዙር ዙር ይጠራቀምና ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል።

ይህን ሙቀት ሊቀበል የጠበቀው ዘይት ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ነበር። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በማጠራቀሚያው ክዳንና በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል ውኃ ቀስ በቀስ ይገባበታል፣ የሚፈላበት የሙቀት መጠንም በዚያው ልክ ይወርዳል። በአሜሪካ መስፈርት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከያዘ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ደግሞ ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ለውድድር ተብለው የሚሸጡት ዘይቶች አዲስ ሲሆኑ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ። እርስዎ ዘይቱን ስላልቀየሩ በካሊፐርዎ ውስጥ የነበረው የጥንካሬ ወሰን ከቀድሞው ባለቤት የወረሱት ነው ማለት ይቻላል። ከውድድሩ በፊት የተደረገው የቴክኒክ ምርመራ ይህን አይይዝልዎትም። መርማሪዎቹ የራስ ቁሩን፣ ቀበቶውን፣ የመከላከያ ብረቱን፣ የእሳት ማጥፊያውን ያያሉ፤ ዘይቱ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የማወቅ ኃላፊነት ግን የሾፌሩ ነው።

ቅዳሜ የያዘው ፍሬን እሑድ ለምን እንዳልያዘ ሳይጠይቁ አልቀሩም። አንደኛው ምክንያት ሸራው ነው። ሸራ ፍሬን ከመያዙ ሌላ በጋለው ዲስክና በዘይቱ መካከል እንደ ግድግዳ ሆኖ ሙቀት ይከላከላል፤ ከግማሽ በታች ሲያልቅ ይህ ግድግዳ ይሳሳል። ቅዳሜ ሸራዎ ምናልባት ሰባት ወይም ስምንት ሚሊ ሜትር ነበረው፤ እሑድ ስምንተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ በአራት ሚሊ ሜትር ነበር የሚሮጡት። ለመንገድ 4 ሚሊ ሜትር ገና ያገለግላል፤ ለውድድር ግን ያለቀ ሸራ ነው፣ መካኒኩ ከነገሩዎት ነገር ሁሉ በላይ ሊያሳስብዎት የሚገባውም ይህ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት፣ እሑድ ከቅዳሜው የበለጠ ተጠግተው ሮጠው ከሆነ፣ ከፊት ካለ መኪና ጋር ተጠግቶ መሮጥ ነው። በማጣሪያው ሰዓት ብቻዎን ነጻ አየር እያገኙ ይሮጣሉ። በውድድር ግን በቀጥታው መንገድ ከሌላ መኪና ጀርባ ተጠግተው ሲከተሉ የአየሩ ተቃውሞ ይቀንስልዎትና መጨረሻው ላይ የሚደርሱበት ፍጥነት ይጨምራል፣ በአንጻሩ ወደ ዲስኮቹ የሚደርሰው ቀዝቃዛ አየር ያንሳል። የሚለቀቀው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ መጨመርም ለደከመ ዘይት ቀላል ጭነት አይደለም።

ከመፍትሔው በፊት፣ ሌሎች ሰዎችም ይህን ስለሚያነቡት፣ ከዚህ ጋር የሚምታቱትን ጉድለቶች መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ በሙሉ ኃይል ቢረገጥም መኪናው የማይቆም ከሆነ የፈላ ነገር የለም፤ ሸራው ከሚችለው ሙቀት በላይ ሄዶ የመጨበጥ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። ለመንገድ የተሠራ ሸራ ወይም በደንብ ያልተለማመደ፣ ማለትም ቀስ በቀስ እየሞቀ ከዲስኩ ጋር ያልተገጣጠመ፣ አዲስ ሸራ ይህን ያደርጋል። የመጀመሪያው ርግጫ ጠልቆ ሁለተኛው ደህና ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ የመንገዱን ጠርዝ ከረገጡ በኋላ፣ የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ላልቶ ዲስኩ ፒስተኑን ወደ ኋላ ገፍቶታል ብለው ይጠርጥሩ። የፍሬን ፓምፑ ጉድለት ሌላ ጠባይ አለው፤ ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ይዘው ሲቆዩ፣ ፔዳሉ ቀስ እያለ እየሰመጠ ከሄደ ፓምፑ በውስጡ እያሳለፈ ነው። ይህን ሙከራ ያድርጉት፤ ምክንያቱም በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ ድንገት እስከ ወለል ሲረገጥ የፓምፑ ጎማዎች ለዓመታት ደርሰውበት ወደማያውቁት ዝገት ወደያዘ ቦታ ገብተው ሊቧጨሩ ይችላሉ። የእሑዱ ችግር መንስኤ ፓምፑ አልነበረም፤ በእሑዱ ችግር ተጎድቶ ሊሆን ግን ይችላል። ሙከራውን ካለፈ አይቀይሩት።

ወደ ትልቁ ፍሬን ስመጣ መልሴ አይሆንም ነው፣ ሁለት ምክንያቶችም አሉኝ። በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስሲሲኤ፣ እንደ እርስዎ ያሉ መኪኖችን በሚያወዳድርበት ኢምፕሩቭድ ቱሪንግ በተባለው ምድብ ዲስኩና ካሊፐሩ ከፋብሪካ በወጣበት መጠን እንዲቆይ ደንቡ ያስገድዳል። ሸራውን እንደፈለጉ መምረጥ፣ የጎማ ቱቦዎቹን በብረት ጥልፍ በተሸፈኑ መተካት፣ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ማንሣትና አየር የሚያመጣ ቱቦ መዘርጋት ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ከፍለው የሚያስገጥሙት ፍሬን የሚያስገኝልዎት ነገር ቢኖር ከምድብዎ መውጣት ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት፣ ትልቅ ዲስክ የሙቀቱን መጠን አለመቀነሱ ነው። ሙቀቱን የሚወስነው የመኪናው ክብደትና ፍጥነት ነው፤ ትልቁ ዲስክ የሚያደርገው ተጨማሪ ማጠራቀሚያና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ መሆን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የቆየ ዘይት በትልቅ ካሊፐር ውስጥም ይፈላል፤ ምናልባት በስምንተኛው ዙር ሳይሆን በአሥራ ሁለተኛው።

ጓደኞችዎ «በማርሽ ያዝ» ማለታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ከታላላቆቹ ሰምቷል፤ በዚያ ቦታ ምክሩ ፍጹም ትክክል ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ፣ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ለብዙ ደቂቃዎች ኃይሉን እንዲበላው ማድረግ ሕይወት የሚያድን ልማድ ነው። በውድድር ሜዳ ግን ፍሬን የሚያዘው ለሦስት ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ 1.6 ሊትር ሞተር ሊወስድ የሚችለው ድርሻ ከጠቅላላው እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ፍጥነቱ ሳይወርድ ማርሽ ከቀነሱ መንኮራኩሮቹ ሞተሩን ከሚችለው ዙር በላይ ያሽከረክሩታል፤ የሞተሩ ዙር መቆጣጠሪያ ነዳጅ ማቋረጥ እንጂ በመንኮራኩሮቹ የሚገፋን ሞተር ማቆም አይችልም፣ ቫልቮቹም ከፒስተኖቹ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ፍሬን በያዙት የፊት ጎማዎች ላይ የሞተሩ ጉተታ ሲደመር ጎማዎቹ ተቆልፈው መሪው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሸራ ርካሽ ነው፣ ሞተር ውድ ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ከመታጠፊያው ለመውጣት ተዘጋጅቶ ለመጠበቅ ነው፤ በቅደም ተከተልና በፍሬኑ መጨረሻ አካባቢ።

የእግርዎን ልማድም ይመልከቱት። አዲስ ተወዳዳሪ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ጀምሮ ለስለስ አድርጎ ረጅም ፍሬን ይይዛል፣ መኪናውንም የራራለት ይመስለዋል። የሚለቀቀው ሙቀት ግን ያው ነው፤ ልዩነቱ ሸራው ከጋለው ዲስክ ጋር ተጣብቆ የሚቆይበት ጊዜ መርዘሙና ለማቀዝቀዝ የሚተርፈው ጊዜ ማጠሩ ነው። ትክክለኛው ፍሬን ዘግይቶ የሚጀምር ሳይሆን ሲጀምር ጠንካራ፣ ሲያልቅ ቀስ ብሎ የሚለቀቅና አጭር ነው። «ዘግይተህ ያዝ» የሚለውን የሜዳ ምክር ለጊዜው ይተዉት፤ ፍሬን የሚጀምሩበትን ምልክት ሳይቀይሩ የሚረግጡበትን ኃይል ይጨምሩና ፍጥነቱ ቀድሞ እንደወረደ ሲሰማዎት ብቻ ምልክቱን በአንድ የመኪና ርዝመት ወደፊት ያንሡት። አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እንዲይዙ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። በቀጥታው መንገድ ላይ፣ ፍሬን ከሚይዙበት ቦታ ብዙ ቀደም ብለው፣ ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግርዎ ፔዳሉን በስሱ ነካ ያድርጉት። ፔዳሉ የተለመደ ቦታው ላይ ካለ ይቀጥላሉ፤ ጠልቆ ካገኙት ከመታጠፊያው በፊት ደጋግመው ለመርገጥና ፍጥነት ለመቀነስ የሚበቃ መንገድ ይኖርዎታል። እሑድ ዕለት ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ ሣሩን ባላዩት ነበር።

መኪናው አልታጠፍ ማለቱን እንደ ሌላ ጉዳይ አድርገው ጽፈውታል፤ ከፍሬኑ ጋር ግን አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመጠን በላይ ስለተጫኑ የመጡ ናቸው። በእርስዎ መኪና ላይ የማቆሙም፣ የማዞሩም፣ የመግፋቱም ሥራ በሁለት ጎማዎች ላይ ነው የወደቀው። እርስዎ ደግሞ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳሉ 35 ፒኤስአይ ሞሏቸው። በበሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቤተሰብ ጉዞ የወጣ ነው፤ ጎማው በውድድር የሚደርስበትን ሙቀት አያውቅም። አየሩ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ 35 የነበረው ግፊት ወደ 45 ይደርሳል። በዚህ ግፊት ጎማው መሐሉ ላይ ይነፋና መሬት የሚነካው ስፋት ይጠባል፤ ጠርዞቹ በወጉ አይሠሩም፣ መሐሉ ይግላል፣ መያዣውም ይጠፋል። 28 ሞልተው ቢነሡ በተመሳሳይ ሙቀት 36 ወይም 37 አካባቢ ይገኛል፤ ይህም ለቀላል የፊት ነጂ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ተስማሚ ከሆነው ክልል ውስጥ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የጎማው አምራች ያወጣዋል፣ የሚለካውም ሜዳውን ለቀው እንደገቡ ወዲያውኑ ነው እንጂ ቡና ከጠጡ በኋላ አይደለም። ያን ሲያደርጉ የጎማውን ሙቀት በውስጥ ጠርዙ፣ በመሐሉና በውጭ ጠርዙ ላይ በመርፌ ቴርሞሜትር ይለኩት። መሐሉ ከጠርዞቹ ከበለጠ ግፊቱ በዝቷል። የውጭ ጠርዙ ከውስጡ ከበለጠ ደግሞ ጎማው በቂ ወደ ውስጥ የማጋደል ማዕዘን የለውም ማለት ነው። ከፋብሪካ የወጣ ሲቪክ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ለውድድር የፊት ጎማዎቹን የላይኛ ጫፍ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ዲግሪ ወደ ውስጥ ማጋደል ለእርስዎ ከማንኛውም የሞተር ማሻሻያ የበለጠ ጊዜ ያመጣል። ይህን አላይመንት የሚሠራው ሰው የውድድር መኪና የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የመንገድ ጎማ ቤት ማዕዘኑን «አስተካክሎ» ወደ ዜሮ ሊመልስልዎት ይችላል።

አሁን ሳልለሳልስ የምናገረው ነገር አለኝ። የዕለቱ ከባድ ስሕተት የፍሬኑ መፍላት ሳይሆን ከሣሩ ተመልሰው ሦስት ዙር መሮጥዎ ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ወለል ከነካ በዚያ ዕለት ዳግመኛ አይታመንም፤ እንፋሎቱ ሲመለስና ሲፈጠር በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚያልቅብዎ ማንም አይነግርዎትም። በየመታጠፊያው ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ቅዳሜና እሑዳቸውን ለእርስዎ የሰጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ከፊትዎ ያለው ተወዳዳሪም ከኋላው የሚመጣው መኪና ፍሬን እንዳለው አምኖ ነው መሪውን የሚያዞረው። ፔዳሉ ሲወርድ በፍጥነት ደጋግመው ይርገጡ፣ መኪናውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ማርሽ አንድ በአንድ ይቀንሱ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ለመታጠፍ ከመሞከር ይልቅ ባዶውን ሜዳ ይጠቀሙ። መኪናው ከቆመ በኋላ ሠራተኞቹ የሚሰጡትን ምልክት ጠብቀው፣ ከመሮጫው መስመር ወጥተው፣ ቀስ ብለው ወደ ጥገናው ስፍራ ይግቡ፤ ውድድርዎ እዚያ ላይ አልቋል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ትልቅ ፍሬን፣ አዲስ ፓምፕ፣ የሞተር ማሻሻያ የሚባሉትን ሁሉ ለዚህ ዓመት ይርሷቸው። አሮጌውን ዘይት ከማጠራቀሚያው እስከ አራቱም መንኮራኩሮች ሙሉ በሙሉ አስወጥተው ካልተከፈተ ዕቃ በተቀዳ የውድድር ዘይት ይተኩት፤ ግማሽ ሊትሩ እንደ ጥራቱ ከ20 እስከ 80 ዶላር ይደርሳል፣ መካከለኛው ለእርስዎ ይበቃል። የትኛው መንኮራኩር እንደሚቀድም የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይነግርዎታል፣ አየር እንዳይቀርበት ሁለት ሰው ሆናችሁ ሥሩት። ዶት 5 የሚል ብቻ የተጻፈበትን ሲሊኮን ዘይት አይግዙ፤ ከዶት 5.1 ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ሲግልም ፔዳሉን ያለሰልሳል። ተከፍቶ የተረፈውን ዘይት ለሚቀጥለው ወር አያስቀምጡት። የፊት ሸራውን በውድድር ሸራ ይቀይሩ፣ አምራቹ ባዘዘው መንገድ ያለማምዱት፣ ከእንግዲህ ግማሹ ሲያልቅ ገና ጥሩ ነው ሳይሉ ያውጡት። የአቧራ መከላከያውን ቆርቆሮ አንሥተው ከፊት መከላከያው እስከ ዲስኩ መሐል፣ ወደ ፊቱ ሳይሆን ወደ መሐሉ፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የአየር ቱቦ ይዘርጉ፤ አየሩ የዲስኩን አንድ ገጽ ብቻ ከመታ ዲስኩ ይጣመማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ መኪናውን በመንገድም የሚነዱት ከሆነ የውድድር ሸራ ቀዝቃዛ ሳለ አይጨብጥም፣ ስለዚህ በከተማ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ላይ ሊያስደነግጥዎት ይችላል፤ ወደ ሜዳው ሲሄዱ ያስገቡት፣ ሲመለሱ ያውጡት፣ ወይም መኪናውን በተጎታች ይውሰዱት።

የሚቀጥለውን ቅዳሜና እሑድ ከዓርብ ይጀምሩት። የሙከራ ሰዓት ይግዙና በካሊፐሮቹ ላይ ሙቀት ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ተለጣፊ ለጥፈው አምስት ዙር ብቻ በሙሉ ፍጥነት ይሩጡ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ፍሬን ሳይነኩ በተቻለ መጠን አቀዝቅዘው ይግቡ። ሲቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፣ እግርዎንም ፔዳሉ ላይ አይተዉ፤ የአየር ፍሰቱ ስለሚቆም ዲስኩ የያዘው ሙቀት ሁሉ ወደ ካሊፐሩ የሚሮጠው በዚያች ደቂቃ ነው፣ ሜዳ ላይ ያልፈላ ዘይት ጥገናው ስፍራ ቆሞ ሲፈላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። የጎማ ግፊትና ሙቀት ይለኩ፣ ተለጣፊው የደረሰበትን ዲግሪ ይጻፉ፣ የሸራውን ውፍረት ይዩ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉን ይሞክሩ። ተለጣፊው ያሳየው ዲግሪ ዘይቱ ከሚፈላበት በብዙ ካነሰና ፔዳሉ እንደ ጠዋቱ ከሆነ፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት ዙር ይሩጡና ልኬቱን ሁሉ እንደገና ይውሰዱ። ቅዳሜ ከውድድሩ በኋላ ማታ፣ ችግር ቢታይም ባይታይም፣ ከፊት ካሊፐሮቹ ጥቂት ዘይት አፍስሰው በአዲስ ይተኩ፤ የጋለው ዘይት ያለው እዚያ ነውና። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዓርብ ዕለት ፔዳሉ ከወረደ፣ ቅዳሜ አይሰለፉ፤ መኪናውን ተጎታቹ ላይ ጭነው ወደ ቤትዎ ይመለሱና ኩሽኔታውን፣ ፓምፑንና የካሊፐሮቹን ፒስተኖች አንድ በአንድ ፈትተው ይዩ።